የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የስምጥ ሸለቆ ውሃ፣ የማይተኛ ጤፍ እና በስድስት ወር አንዴ የሚወጉት መርፌ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ከአዳማና ከአካባቢዋ የደረሱን ናቸው። ጠያቂዎቻችን በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በስልካቸው ስለ አዳዲስ የምርምር ውጤቶች የሰሙትን ይዘው «እኛ ዘንድ መቼ ይደርሳል?» ይሉናል። መልሱ እንደየጉዳዩ የሚለያይ ቢሆንም ሁሉንም በአንድ መለኪያ ለመመዘን ሞክረናል፤ ይኸውም ግኝቱ የት፣ በምን ላይና በምን ያህል መጠን ተሞከረ የሚለው ነው። ደብዳቤዎቹን ለገጽ ብቃት ስንል አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ስሆን የምኖረው ከአዳማ ወጣ ብሎ ነው። የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው። የ12 ዓመት ልጄ ጠዋትና ማታ ቢቦርሽም ጥርሱ በልዟል። ታናሹ ገና 4 ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የኖቤል ሽልማት ያገኙ ሳይንቲስቶች ውሃ የሚያጣራ አዲስ ቁስ እንደ ሠሩ ሰምቻለሁ። የእኛን ውሃ ያጣራልን ይሆን? እስከዚያው ማፍላቱ ይጠቅማል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንነሣ፤ ዛሬ ማታ በቤትዎ የሚያደርጉትን የሚወስነው እሱ ነውና። ውሃ ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል እንጂ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ የተባለ፣ በውሃ ውስጥ የሟሟ ንጥረ ነገር አያስወግድም። እንዲያውም ውሃው በእንፋሎት በጎደለ ቁጥር በቀረው ውስጥ ያለው የፍሎራይድ መጠን ከፍ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ተቅማጥን ለመከላከል ማፍላቱን አይተዉ፤ ለጥርሱ ግን መፍትሔ አድርገው አይቁጠሩት።

የልጅዎ ጥርስ የበለዘው በንጽሕና ጉድለት አይደለም። የምንኖርበት ስምጥ ሸለቆ በእሳተ ገሞራ ዓለት የተሞላ ሲሆን፣ የከርሰ ምድር ውሃ በዓለቱ መካከል ለረጅም ዘመን ሲመላለስ ፍሎራይዱን እያሟሟ ይወስዳል። ውሃው በቂ ካልሲየም ቢኖረው ኖሮ ፍሎራይዱ ከካልሲየሙ ጋር ተጣምሮ ብዙው ይዘቅጥ ነበር። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሶዲየምና ባይካርቦኔት የበዛበት፣ ካልሲየም ያነሰው በመሆኑ ፍሎራይዱ እንደ ሟሟ እስከ ብርጭቋችን ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጉድጓድ ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። እዚሁ ጎረቤታችን ወንጂ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ በጀመረው የስኳር እርሻ፣ የጉድጓድ ውሃ ለዓመታት የጠጡ ሠራተኞች ጥርሳቸው ብቻ ሳይሆን አጥንታቸው ጭምር ተጎድቶ፣ አከርካሪያቸው ደርቆ አልታጠፍ እንዳላቸው በሕክምና ጥናቶች ተመዝግቧል። ናዝሬት ያደገ ሰው በጥርሱ ይታወቃል እያሉ የሚቀልዱ ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያውቁት ቀልዱ የሚጥማቸው አይመስለንም።

ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ውጫዊ ሽፋን የሚሠራው ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ ሳለ ነው። በግምት እስከ 8 ዓመት ዕድሜ ድረስ ብዙ ፍሎራይድ ወደ ሰውነቱ የገባ ልጅ የቋሚ ጥርሶቹ ሽፋን በቅጡ ሳይጠነክር ይወጣል፤ ኋላም ቀለም እየያዘ ይበልዛል። እንግዲህ በታላቁ ልጅዎ ላይ ጉዳቱ ደርሷል፤ ብሩሽ አያስለቅቀውም፣ በከሰልና በሎሚ መፈተግ ደግሞ የቀረውን ሽፋን ይበላበታል። የጥርስ ሐኪም ግን ላዩን በስሱ በመላግ ወይም የጥርስ ቀለም ባለው ሙሌት በመሸፈን መልኩን ሊያስተካክልለት ይችላል። ለታናሹ ገና ጊዜ አለው፤ ከዚህ በኋላ የምንለውም በዋናነት ለእሱ ነው።

የሰሙት ዜና እውነት ነው። የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ለሪቻርድ ሮብሰንና ለኦማር ያጊ የተሰጠው የብረታ ብረት አተሞችን ካርቦን ባላቸው ሞለኪውሎች እያያያዙ፣ በውስጣቸው እጅግ ብዙ ባዶ ክፍተት ያላቸው ቁሶች እንዲሠሩ መንገዱን በመክፈታቸው ነው። ከዚህ ቁስ ዱቄት አንድ ግራም ውስጣዊ ገጹ ተዘርግቶ ቢለካ በሺዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ይሆናል። ዮርዳኖስ ውስጥ አማን ከተማ፣ የቧንቧ ውሃ በሌለበት ቤት ያደጉት ያጊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በአሪዞና በረሃ ሌሊት ከአየር ላይ እርጥበት የሚሰበስብ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲያሞቀው ያንኑ ውሃ አድርጎ የሚመልስ ቁስ አሳይተዋል። ዚርኮኒየም ወይም አሉሚኒየም ባለባቸው የዚህ ቁስ ዓይነቶች ላይ ደግሞ ፍሎራይድ ተጣብቆ እንደሚቀር በላቦራቶሪ ታይቷል።

ታዲያ የእርስዎን ጉድጓድ ውሃ ያጣራልን? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በላቦራቶሪ የሚካሄዱት ብዙዎቹ ሙከራዎች የሚጀምሩት ንጹሕ ውሃ ውስጥ የተመጠነ ፍሎራይድ በመጨመር ነው። የእኛ ውሃ ግን ፍሎራይዱን ብቻ ይዞ አይመጣም፤ ባይካርቦኔቱም ፍሎራይዱ የሚቀመጥበትን ቦታ ይሻማል፣ የውሃው ባህርይ ወደ አልካላይ ያደላ መሆኑም የቁሱን የመያዝ አቅም ይቀንሰዋል። ስለዚህ በተጣራ ውሃ ላይ ድንቅ ውጤት ያስመዘገበ ዱቄት የወንጂ ውሃ ሲፈስበት ብዙም ሳይቆይ ሊጠግብ ይችላል። በዚያ ላይ ደቃቁ ዱቄት ውሃ በቀላሉ የሚያልፍበት ፍርፋሪ መሆን አለበት፣ ራሱ እየሟሟ ብረት ወደ ውሃው መልቀቅ የለበትም፣ ዋጋውም የገጠር ቤተሰብ የሚችለው መሆን ይኖርበታል። በእኛ ግምት ይህ ቁስ በቅርብ ዓመታት በአዳማ ገበያ የሚገኝ የቤት ማጣሪያ አይሆንም።

ዝና ባያገኙም በሥራ የተፈተኑ ዘዴዎች ግን አሉ። አንዱ በሕንድ የተቀመረውና የናልጎንዳ ዘዴ የሚባለው ሲሆን፣ አሉሚኒየም ሰልፌትና ኖራ ውሃው ውስጥ አማስሎ ማዝቀጥ ነው፤ ፍሎራይዱ በበዛ ቁጥር ብዙ ኬሚካል ይፈልጋል፣ አጠቃቀሙም የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል። ሁለተኛው የአጥንት ከሰል ነው። የእንስሳት አጥንት አየር በሚቆጣጠሩበት ምድጃ ከተቃጠለ በኋላ የሚቀረው ማዕድን ፍሎራይዱን ተቀብሎ በምትኩ ሌላ ነገር ይለቃል። በሀገራችን ስምጥ ሸለቆ ሁለቱም ተሞክረዋል። የምን እንስሳ አጥንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ቤተሰብ ይኖራል፤ ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ አቅራቢው መመለስ አለበት። የከሰል ማጣሪያው የሚያሳስተው በአንድ ቦታ ነው፤ ከሰሉ ሲጠግብ ውሃው መልኩም ጣዕሙም ሳይለወጥ ፍሎራይዱን ማሳለፍ ይጀምራል። የሚለካ ሰው ከሌለ ቤተሰቡ ተጣራልኝ እያለ ያንኑ ውሃ ይጠጣል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የጉድጓዱ ውሃ እንዲለካ የአካባቢዎን የውሃ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ከተገቢው መጠን በላይ ሆኖ ከተገኘ ለታናሹ ልጅ መጠጥና ለምግቡ ብቻ ሌላ ውሃ ይለዩለት። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ በንጽሕና የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለበትም ማለት ይቻላል፤ ከአዋሽ ተጣርቶ የሚመጣው የከተማ ቧንቧ ውሃም ቢሆን ከጥልቅ ጉድጓድ ይሻላል ተብሎ ይጠበቃል። ለልብስና ለገላ የጉድጓዱን ውሃ መጠቀም ጉዳት የለውም። የሻይ ቅጠል በራሱ ፍሎራይድ የሚያከማች ተክል ስለሆነ ለሕፃኑ ወፍራም ሻይ ባይሰጡት ይመረጣል። የጥርስ ሳሙናውም የአተር ፍሬ ከምታክል አትብለጥ፤ እንዳይውጣት ይከታተሉት።

ጥያቄ፦ በአዳማ ከተማ በመስተንግዶ ሥራ የምተዳደር ወጣት ነኝ። በስድስት ወር አንድ ጊዜ የሚወጉት የኤች.አይ.ቪ. ክትባት ተገኝቷል ሲባል ሰማሁ። ጓደኞቼ ውሸት ነው ይሉኛል። እውነት ከሆነ የት ይሰጣል?

መልስ፦ መርፌው እውነት ነው፤ ክትባት ግን አይደለም። ክትባት ሰውነት ራሱ መከላከያውን እንዲያመርት ያስተምራል። ሌናካፓቪር የተባለው ይህ መድኃኒት ግን ከቆዳ ሥር ተቀምጦ ለስድስት ወር ቀስ እያለ ወደ ደም የሚገባ ሲሆን፣ የቫይረሱን የዘር ቅንጣት የሚሸፍነውን ቅርፊት በመያዝ እንዳይራባ ያግደዋል። ቀኑ ሲያልፍ መከላከያውም ያልቃል፤ ስለዚህ ቀጠሮ ማክበር ግድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነው ጥናት የተካሄደው በዚሁ በአህጉራችን፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ፣ በወጣት ሴቶችና በልጃገረዶች ላይ ነው። መርፌውን ከተወጉት 2,134 መካከል አንዲትም በቫይረሱ አልተያዘችም። በዚያው ጥናት ትሩቫዳ የተባለውን ክኒን በየቀኑ እንዲወስዱ ከተሰጣቸው 1,068 ውስጥ 16፣ ዴስኮቪ የተባለውን ሌላ ክኒን ከተሰጣቸው 2,136 ውስጥ ደግሞ 39 ተይዘዋል። ክኒኑ መድኃኒትነት አጥቶ አይደለም፤ የተሳታፊዎቹ ደም ሲመረመር አብዛኞቹ በየቀኑ እንዳልዋጡት ታይቷል። ይህን ለመረዳት ደግሞ ሳይንቲስት መሆን አያስፈልግም። ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር ልጅ የክኒን ብልቃጥ በቦርሳዋ ውስጥ ቢገኝባት ምን እንደምትባል እርስዎም ያውቁታል። መርፌው ያሸነፈው በኬሚስትሪው ብቻ ሳይሆን ማንም የማያየው በመሆኑም ጭምር ነው።

መድኃኒቱ ለመከላከያነት በአሜሪካ በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ተፈቅዷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በተከታዩ ወር ሀገሮች እንዲጠቀሙበት መክሯል። በአሜሪካ የተተመነለት ዋጋ በዓመት ከ28,000 ዶላር በላይ ሲሆን፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው 120 ሀገሮች ከ2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓመት ወደ 40 ዶላር በሚጠጋ ዋጋ እንዲቀርብ ስምምነት ተደርጓል። የሁለቱ ቁጥሮች ርቀት ስለ መድኃኒት ዋጋ ብዙ ይናገራል፤ እሱን ግን ለሌላ እትም እናቆየው።

አሁን በእጅዎ ያለው መፍትሔ በየቀኑ የሚዋጠው መከላከያ ክኒን ነው፤ በሀገራችን ይበልጥ ተጋላጭ ለሆኑ ወገኖች በጤና ተቋማት ይሰጣል። በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደው ስለ ክኒኑም ስለ መርፌውም መጠየቅ መብትዎ ነው። ክኒንም ሆነ መርፌ ከመጀመሩ በፊት የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ የሚደረገው ለማዋረድ አይደለም፤ ቫይረሱ ያለበት ሰው መከላከያውን ብቻ ቢወስድ ቫይረሱ መድኃኒቱን መላመድ ስለሚችል ነው። ሁለቱም ከእርግዝናም ሆነ ከሌሎች የአባላዘር በሽታዎች ስለማይከላከሉ ኮንዶም ቦታውን አይለቅም።

ጥያቄ፦ በአዳማ ወረዳ ጤፍና ቦሎቄ የማመርት አርሶ አደር ነኝ። ጤፉ ሲያፈራ ዝናብና ነፋስ ከመጣበት ይተኛል፤ ብዙው እዚያው ይበሰብሳል። ልጄ «በዘረመል አርትዖት የማይተኛ አጭር ጤፍ ተሠራ» የሚል ዜና አሳየኝ። ይህ ጂ.ኤም.ኦ. የሚሉት ነው? ዘሩንስ ከየት ልግዛ?

መልስ፦ አባታችን፣ ዘሩን ዛሬ ከየትም አይገዙትም፤ «አለኝ» የሚል ነጋዴ ካጋጠመዎ አይመኑት።

ዜናው ግን ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ጉዳዩም በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም። ጤፍ አገዳው ቀጭንና ረጅም በመሆኑ ፍሬው ሲሞላ ራሱን መሸከም ያቅተዋል። ምርት ይጨምርልኛል ብለው ዩሪያ ባበዙ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይረዝማል፣ ይበልጥም ይተኛል። ስንዴና ሩዝ ይህን ችግር የተገላገሉት ከ60 ዓመት ገደማ በፊት ነው። አይ.አር. 8 የተባለው አጭር የሩዝ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1966 ሲለቀቅ፣ አጫጭር የስንዴ ዝርያዎችን ያስፋፉት ኖርማን ቦርሎግ ደግሞ በ1970 የሰላም ኖቤል ተሸልመዋል። ጤፍን የሚያመርት ሌላ ትልቅ ሀገር ስላልነበረ ያን ያህል የሚጨነቅለት አልተገኘም። በደብረ ዘይት የተዳቀለው ቁንጮ የተባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 ተለቆ በምርቱና በነጭነቱ ብዙ ገበሬ ወዶታል፤ መተኛቱን ግን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲና በኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ትብብር ተስፋ የተባለ ዝርያ ተለቋል፤ እሱም በመደበኛው የማዳቀል ዘዴ የተገኘ ነው።

ልጅዎ ያሳየዎት ከእነዚህ የተለየ ነው። የጤፍ ዘረመል እ.ኤ.አ. በ2014 ለመጀመሪያ ጊዜ በረቂቅ መልክ ከተነበበ በኋላ፣ ሩዝን ያሳጠረው ዘረመል በጤፍም ውስጥ እንዳለ ታወቀ። ይህ ዘረመል ጅበሬሊን የተባለውን አገዳ የሚያስረዝም ንጥረ ነገር በማምረት ሥራ ይሳተፋል። ችግሩ ጤፍ ከሁለት የዱር ሣሮች ውሕደት የመጣ ስለሆነ ዘረመሉ በአራት ቅጂ መገኘቱ ነው፤ ሦስቱን አሰናክሎ አንዱን መተው እምብዛም ለውጥ ላያመጣ ይችላል። በአሜሪካ የዳንፎርዝ የዕፅዋት ሳይንስ ማዕከል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው ዘረመልን በተመረጠ ቦታ በሚቆርጠው፣ ክሪስፐር በተባለው ዘዴ አራቱንም ቅጂዎች በአንድ ጊዜ አሰናክለው ያጠረና የማይተኛ ጤፍ ማግኘታቸውን እ.ኤ.አ. በ2022 አሳትመዋል።

ጂ.ኤም.ኦ. (ዘረመሉ የተቀየረ፣ በተለይም ባዕድ ዘረመል የገባበት ሰብል) ነው ወይ ላሉት፣ ልዩነቱን በጥጥ ምሳሌ እናሳይዎ። እ.ኤ.አ. በ2018 በሀገራችን እንዲዘራ የተፈቀደው ቢ.ቲ. ጥጥ ከባክቴሪያ የተወሰደ ዘረመል ገብቶበታል። በዚህ ጤፍ ላይ የተደረገው ግን የራሱን ዘረመል ጥቂት ፊደል ቆርጦ ማሰናከል ነው፤ ለመቁረጫነት የገባውን ባዕድ ዘረመል በቀጣዩ ትውልድ በማዳቀል ማስወጣት ይቻላል። አንዳንድ ሀገሮች በዚህ መንገድ የተገኘን ሰብል እንደ ማንኛውም ዝርያ ሲያዩት፣ ሌሎች ከጂ.ኤም.ኦ. ጋር ይደምሩታል። የእኛ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 በመጀመሪያ እጅግ ጥብቅ የነበረ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሽሎ ለምርምር በሩ ሰፋ ብሏል።

አሁን ከዜናው ውስጥ የማይገኘውን እንንገርዎ። አጭር ጤፍ ማለት አጭር ጭድ ማለት ነው። በጭዱ ከብቱን የሚያከርም፣ ቤቱን የሚመርግ፣ የተረፈውን በደረቁ ወራት ሸጦ የልጅ ደብተር የሚገዛ ገበሬ እህሉ ቢጨምርለት እንኳ የጭዱን ጉድለት ማስላቱ አይቀርም። ተመራማሪዎች የሚለኩት በሄክታር የተገኘውን ኩንታል ነው፤ ገበሬው የሚለካው ግን አውድማው ላይ የቀረውን ሁሉ ነው። ስለዚህ ዝርያው በማሳ ሲሞከር የጭዱ መጠንና ከብቱ የሚወደው መሆን አለመሆኑ አብሮ መመዘን አለበት ብለን እናምናለን። ለሙከራ ዕፅዋት በሚበቅሉበት በግሪን ሃውስ (በተከለለ ቤት) ውስጥ ነፋስ የለም፤ የግንቦት ድርቅም የነሐሴ ዝናብም የለም። ከዚያ ወጥቶ በተለያዩ ወረዳዎች ለተከታታይ ዓመታት መዘራት፣ ለዝርያ አጽዳቂው ኮሚቴ መቅረብ፣ ቀጥሎም ዘሩ ደረጃ በደረጃ ተባዝቶ የተመሰከረለት ዘር ሆኖ ለኅብረት ሥራ ማኅበርዎ መድረስ ይኖርበታል። ማዳቀል ብቻውን ዓመታት በሚፈጅበት ሙያ ውስጥ ይህ ሁሉ በአንድ ክረምት አይሆንም።

እስከዚያው ለመተኛቱ በእጅዎ ያለው መፍትሔ ዘር አለማብዛት ነው። ተጨናንቆ የበቀለ ጤፍ ብርሃን ፍለጋ ይረዝማል፣ አገዳውም ይቀጥናል፤ በመስመር ወይም በአነስተኛ ዘር የተዘራው ግን ቁጥቋጦው ይበረክታል፣ አገዳውም ይወፍራል። ዩሪያውንም ባንድ ጊዜ ከመበተን ከፋፍሎ መስጠትና ከአበባ በኋላ አለመጨመር ይረዳል። ለቦሎቄው ደግሞ የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከአዳማ ቅርብ ነው፤ በቆላማ አካባቢ ቦሎቄ ላይ ለረጅም ዓመታት የሠሩ ባለሙያዎች ስላሉት በወረዳዎ የልማት ሠራተኛ በኩል ቢጠይቋቸው ያተርፋሉ።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ክሪስፐር ሰው ላይም ይሠራል ወይስ ለዕፅዋት ብቻ ነው? በዚህ ሙያ መሠማራት ብፈልግ ምን ላጥና?

መልስ፦ ዘዴውን ያገኙት ኤማኑኤል ሻርፓንቲዬና ጄኒፈር ዳውድና እ.ኤ.አ. በ2020 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። በሰው ሕክምና የመጀመሪያው የተፈቀደ መድኃኒት ካስጌቪ ሲሆን፣ በኅዳር 2023 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ጸድቋል። የሲክል ሴል (ቀይ የደም ሴሎችን ቅርጽ የሚያጣምም የዘር ሕመም) ሕመምተኛ የደም ፈጣሪ ሴሎች ከሰውነቱ ወጥተው፣ ልጅ በማሕፀን ሳለ የሚያመርተውን የሄሞግሎቢን ዓይነት የሚያጠፋው ማብሪያ ማጥፊያ እንዲሰናከል ከተደረገ በኋላ ተመልሰው ይሰጡታል። ከዚያ በፊት ግን በጠንካራ ኬሞቴራፒ መቅኒው መጽዳት አለበት። በአሜሪካ ዋጋው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በፊላዴልፊያ ብርቅ የጉበት ሕመም ይዞ ለተወለደ አንድ ሕፃን፣ ለእሱ ዘረመል ስህተት ብቻ የተቀመረ ሕክምና በወራት ውስጥ ተዘጋጅቶለታል።

ለትምህርቱ ምክራችን አንድ ነው፤ ሥነ ሕይወትን ስታስቀድሚ ሒሳብና ኮምፒውተርን እንዳትተዪ። የ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ግማሹ የተሰጠው የፕሮቲንን ቅርጽ በኮምፒውተር ለተነበዩት ለዴሚስ ሐሳቢስና ለጆን ጃምፐር ነው። ሐሳቢስ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ፣ ጃምፐር ደግሞ የፊዚክስ ተማሪ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ፍራንኮ አካባቢ የሶላር ዕቃ እሸጣለሁ። አንዳንድ ደንበኞች 34 ከመቶ የሚያመነጭ አዲስ ፓኔል ስለመጣ እንጠብቃለን ይሉኛል። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ እንዳይጠብቁ ይንገሯቸው። የሚያወሩለት ፔሮቭስካይት የተባለ ቁስ በሲሊከን ላይ ተደርቦ የሚሠራ ሴል ነው። ሎንጂ የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2025 እ.ኤ.አ. ከሚያርፍበት ብርሃን 34.85 ከመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ሴል አስመዝግቧል፤ ይህን ያስመዘገበው ሴል ግን ጣሪያ የሚሸፍን ፓኔል ሳይሆን የጣት ጥፍር የምታክል የላቦራቶሪ ናሙና ነው። ኦክስፎርድ ፒ.ቪ. የተባለው ኩባንያ በ2024 እ.ኤ.አ. ለገበያ የላከው የመጀመሪያው ባለ ድርብ ፓኔል 24.5 ከመቶ ነበር። ፔሮቭስካይት እርጥበት፣ ሙቀትና ብርሃን ይጎዱታል፤ ሲሊከን ግን 25 ዓመት ዋስትና የሚሰጥበት ዕቃ ነው። በአዳማ ፀሐይ ላይ ደግሞ ሙቀት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የሲሊከን ፓኔል ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 ከመቶ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ፓኔሉ ከቆርቆሮው ጋር ተጣብቆ ከሚታሰር ከሥሩ አየር እንዲያልፍ ከፍ ብሎ ቢተከልና በሳምንት አንዴ አቧራው ቢታጠብ፣ ደንበኛዎ ያለ ምንም አዲስ ግኝት ብዙ ያተርፋል።

ጥያቄ፦ በከተማችን ኮረብታ ላይ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ሲያረጁ ክንፎቻቸው የት ይጣላሉ? አይቀልጡም ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ እውነት ነው፣ አይቀልጡም። የአዳማ አንድ 34 ተርባይኖች (51 ሜጋ ዋት) እ.ኤ.አ. በ2012፣ የአዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች (153 ሜጋ ዋት) ደግሞ በ2015 ሥራ ጀምረዋል። ተርባይን በአብዛኛው የሚሠራው ከ20 እስከ 25 ዓመት ስለሆነ ጥያቄዎ ቀድሞ የመጣ እንጂ የተጋነነ አይደለም። ማማው ብረት ነው፤ ይሸጣል፣ ይቀልጣል። ክንፉ ግን የመስታወት ክር በኤፖክሲ ሙጫ ተጣብቆ የተሠራ ሲሆን፣ ይህ ሙጫ አንዴ ከደረቀ በሙቀት አይላላም።

በቅርብ ዓመታት ሁለት ዓይነት መፍትሔ መጥቷል። ሲመንስ ጋሜሳ እ.ኤ.አ. በ2021 በቀላል አሲድ የሚሟሟ ሙጫ ያለው ክንፍ አቅርቧል፤ በ2024 ደግሞ የአሜሪካ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች ከዕፅዋት በሚገኝ ጥሬ ዕቃ የተሠራ፣ ተመልሶ የሚፈታ ሙጫ አሳትመዋል። ሁለቱም ለሚመጡት ክንፎች እንጂ ኮረብታችን ላይ ለቆሙት አይሆኑም። ላሉት ቢያንስ በጀርመን በሥራ ላይ የዋለው መንገድ ክንፉን ፈጭቶ ለሲሚንቶ ምድጃ መስጠት ነው፤ ሙጫው ማገዶ ይሆናል፣ የመስታወቱ ክር ደግሞ በአሸዋ ፈንታ ወደ ሲሚንቶው ይገባል። የሲሚንቶ ፋብሪካ የሌላት ሀገር ስላልሆንን ይህ ከባድ አይደለም። ከባዱ በ1.5 ሜጋ ዋት ተርባይን ላይ ያለ፣ በአስር ሜትሮች የሚለካ ክንፍ ኮረብታው ላይ ቆርጦ በመኪና ማውረድና የዚያን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ከአሁኑ በውል ማስፈር ነው።